ውሻ እየጎተተን መሮጥ፦ ከበረዶ አገር የመጣ ስፖርት በደሴ ዳገት

ኖርዌይና ስዊድን ውስጥ ሰው ስኪውን (በረዶ ላይ የሚያንሸራትተውን ረጅም ጠፍጣፋ መጫሚያ) ተጫምቶ፣ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ አንድ ወይም ሁለት ውሻ እየጎተተው በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ስኪጆሪንግ ይባላል። በረዶው ሲቀልጥ እነዚያው ሰዎች ስኪውን ይሰቅሉና በዚያው ዓይነት ቀበቶና ገመድ በእግራቸው ይሮጣሉ፤ ይህኛው ካኒክሮስ ነው። ደሴ ላይ የሚያዋጣው ካኒክሮሱ ነው። የሚቀርብን ስኪው ብቻ ነው፤ የውሻው ሥራ፣ የመሣሪያው አሠራር፣ የሚበላሸው ነገር ሳይቀር ተመሳሳይ ነው። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም (ቶሪኖ፣ 2006 እ.ኤ.አ.) አገር ቤት ሲለማመድ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ነበር። በረዶ አለመኖሩ ምክንያት አይሆንም።

ይህን ስፖርት የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ውሻዬ ይጎትታል ወይ?» ብሎ ነው። ይጎትታል። በልጅነቱ በገመድ ተይዞ የወጣ ውሻ ሁሉ መጎተት ያውቃል፤ አስቸጋሪው ማስተው ነው። መጨነቅ ያለብን ስለ ሦስት ሌሎች ነገሮች ነው፦ ስለ ሙቀት፣ ስለ ቁልቁለት፣ ስለሚረገጠው መሬት። ውሻ የሚጎዳው በእነዚህ ነው፤ ሰውም እንደዚያው።

መጀመሪያ ግን ውሻው። ከ15 ኪሎ በታች የሆነ አብሮ መሮጥ ይችላል፣ ሰው መጎተት ግን አይጠየቅም። 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ ልፋቱ ይታወቃል። ክብደቱን ለማወቅ ፒያሳ አካባቢ ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ጋ ሄዶ፣ አንዴ ብቻን አንዴ ውሻውን አቅፎ መመዘንና መቀነስ ነው (ልጁ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ተገቢም ነው)። ዕድሜው ዓመት ያልሞላውን ቡችላ ጭነት ማስጎተት ክልክል ነው፤ የአጥንቱ ማደጊያ ገና አልተዘጋም። ትልልቅ ዝርያዎችን፣ ለምሳሌ ጀርመን ሼፐርድን፣ እስከ 18 ወር መጠበቅ ይሻላል። እስከዚያ ጠፍሩን (ለመጎተቻ ደረቱ ላይ የሚያርፈውን ማሰሪያ) መልበስና ትእዛዝ መስማት ይማር። የአበሻ ውሻ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፦ ፀጉሩ አጭር፣ እግሩ ቀጭንና ረጅም፣ ሰውነቱ ቀላል። ችግሩ አስተዳደጉ ነው። ቀን ቀን በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሳንባውም ጡንቻውም ሰነፍ ነው፤ ከመጎተቱ በፊት ቢያንስ አንድ ወር በእግር ይሂድ።

መሣሪያው ሦስት ነው፦ የውሻው ጠፍር፣ ገመዱ፣ የሰውየው ቀበቶ። በአንገት ማሰሪያ ማስጎተት አይቻልም። ጉሮሮውን ያንቃል፣ ውሻውም መጎተት ማለት መታነቅ ነው ብሎ ይማራል።

ጠፍሩን ቦርሳ ሰፊ ወይም ጫማ ሰፊ ይሠራዋል። ጥሩው ጥሬ ዕቃ ከአሮጌ መኪና የወጣ የደህንነት ቀበቶ ነው፤ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ አይሳሳብም፣ ዝናብም አያበሰብሰውም። ጠርዙ ግን ደረቅ ስለሆነ ብብት ይፍቃል፤ ቆዳ የሚነካውን በኩል ሁሉ በብርድ ልብስ ቁራጭ ማልበስ ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ላይ ሁለቱ ጫፎች 8 ሴንቲ ሜትር ይደራረቡ፤ ስፌቱ በናይለን ክር፣ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ በመስቀለኛ የተሰፋ ይሁን። ቀጥ ብሎ በአንድ መስመር የተሰፋ ስፌት በመጀመሪያው ድንገተኛ ጉተታ ይተረተራል።

ልኩ የሚወሰደው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የአንገቱ ሥር፣ አንገት ከትከሻ የሚገናኝበት። ጠፍሩ በጭንቅላቱ ሲገባ ትንሽ ማስቸገር አለበት፤ እንደ ልብ የሚገባ ከሆነ ሲጎትት ወደ ጉሮሮው ይወጣል። ሁለተኛው ደረቱ፣ ከክርኑ በስተኋላ አራት ጣት ርቆ። ሲጎትት ጫናው የሚያርፈው በደረቱ አጥንት ላይ ነው፣ ከጉሮሮው በታች። ከለበሰ በኋላ ገመዱን በእጅ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ማየት ነው፦ ካሳለ ወይም ካቃተተ አንገቱ ሰፍቷል፤ ከሳምንት በኋላ ብብቱ ፀጉር ካጣ የሆዱ ጠፍር ወደፊት መጥቷል። ገመዱ የሚታሰርበት ቀለበት ከጎድን አጥንቱ መጨረሻ አካባቢ ይሁን። ለጋሪና ለስሌድ (በረዶ ላይ ለሚንሸራተት ጋሪ) የሚሠራው ጠፍር እስከ ጭራው ሥር ይረዝማል፤ ያ ጭነቱ ከውሻው ጀርባ ዝቅ ብሎ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። እኛ ዘንድ ገመዱ ከውሻው ጀርባ ወደ ሰው ወገብ ሽቅብ ስለሚሄድ፣ ረጅሙ ጠፍር ተነስቶ ወገቡን ያስጎብጠዋል። አጭሩን ያሠሩ።

ገመዱ ለሩጫ ተለጥጦ 2 ሜትር ይበቃዋል። በስኪ ከ2.5 ሜትር በላይ የሚደረገው የስኪው አፍንጫ ውሻውን እንዳይነካው ነው፤ በእግር የረዘመ ገመድ ግን እግር ውስጥ ይገባል። መሐሉ ላይ የሚለጠጥ ነገር ከሌለው የውሻው እያንዳንዱ ዝላይ ወገብ ላይ ይመታል፣ የሰውየው እያንዳንዱ እርምጃም ውሻውን ወደ ኋላ ይነጥቀዋል። እቤት ለመሥራት፦ 2 ሜትር የናይለን ገመድ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ውሰዱ። ገመዱን በላስቲኩ ውስጥ አሳልፋችሁ፣ የላስቲኩን ሁለት ጫፍ ከገመዱ ጋር 60 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ትርፉ 20 ሴንቲ ሜትር ገመድ ላስቲኩ ውስጥ ተሸብሽቦ ይቀመጣል። ላስቲኩ ሲሳብ ገመዱ ይዘረጋል፤ ላስቲኩ ቢበጠስም ገመዱ ይይዛል። ላስቲክ ፀሐይ ይፈረካክሰዋል፤ ስንጥቅ ሲታይ መቀየር ነው።

ቀበቶው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ሆኖ የሚያርፈው ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ ዳሌ አጥንት ላይ ነው። ወደ ወገብ ከወጣ በማግስቱ የታችኛው ጀርባ ይናገራል። እንዳይወጣ በሁለቱ ጭን ስር የሚዞር ቀጭን ማሰሪያ ይኑረው። ገመዱ ከቀበቶው ጋር የሚያያዘው እንደ አህያ ጭነት፣ ጫፉን ሲስቡት በአንዴ በሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። ተራ የብረት መንጠቆ ውሻው እየጎተተ ሳለ በእጅ አይከፈትም፤ መክፈት የሚያስፈልገው ደግሞ ሁልጊዜ እየጎተተ ሳለ ነው።

አሁን ማስተማር። ሦስት አራት ቀን ጠፍሩን አልብሶ ምግብ መስጠት፣ ሌላ ምንም። ቀጥሎ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውስጥ 2 ሊትር ያህል አሸዋ ጨምሮ (3 ኪሎ ገደማ ይሆናል) ከኋላው ማሰር። ከክብደቱ ይልቅ የሚያስደነግጠው ድምፁ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ጄሪካኑን በእጁ እየጎተተ ከውሻው ጎን ይሂድ። መንቀጥቀጡን ሲተው ያስሩለታል። በዚህ ጊዜ ከኋላ መንዳት አይሠራም፤ ከፊት የሚጠራ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል። ሃምሳ ሜትር ጎትቶ ሲደርስ ቁራሽ ጉበት፣ «ጎበዝ!»፣ በቃ። ውሻው ገና መጎተት እየፈለገ ሳለ ማቆም የዚህ ትምህርት ግማሹ ነው።

ትእዛዙ በአማርኛ ይሁን፣ ግን ድምፁ ይለያይ። «ቀኝ» እና «ቁም» ሁለቱም አጭርና በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚጀምሩ ስለሆኑ በነፋስ ውስጥ ይምታታሉ። መፍትሔው «ቀኝ-ቀኝ» ብሎ ፈጠን አድርጎ መደጋገም፣ «ቁ-ዉ-ም» ደግሞ ረዘም፣ ወፈር አድርጎ ማለት ነው። «ግራ» እና «ሂድ» ችግር የለባቸውም። ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ የሚጠቅመው «እለፍ» ነው፦ በግ፣ ዶሮ፣ ሌላ ውሻ፣ የወደቀ አጥንት ሲያይ ገመዱን ሳያላላ እንዲያልፍ። ትእዛዙ የሚሰጠው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አይደለም፤ ከአምስት እስከ አስር ሜትር ቀደም ብሎ ነው። ስሙን ከትእዛዙ ጋር አትደራርቡ፤ ስሙን ሲሰማ ዞሮ ያያችኋል፣ ገመዱም ይላላል።

አንድ የአገር ቤት ጣጣ አለ። እኛ ዘንድ ያደገ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ እንደሚያነሳ ያውቃል። የጫማ ክር ለማሰር ፊቱ ጎንበስ ስትሉ ጭራውን ወትፎ ይሸሻል፣ ጠፍር ለማልበስ ከላይ ስታንዣብቡበትም እንዲሁ። ቁጢጥ ብሎ፣ ከጎኑ ሆኖ ማልበስ ይህን ያቃልለዋል። የሰፈር ውሾች ግር ብለው ሲመጡ ደግሞ ያችው ማጎንበስ ትጠቅማለች፤ ማንሳት እንኳ ሳያስፈልግ ይበተናሉ። የራሳችሁ ውሻ ግን አብሮ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ መልመድ አለበት።

ርቀቱን ማቻኮል አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሳምንት 1 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ውስጥ ጉተታው 200 ሜትር ያህል። በወሩ 2 ኪሎ ሜትር፣ በሁለትና ሦስት ወር 5። በሳምንት ሦስት ቀን፣ መሐሉ ዕረፍት።

ወደ መሬቱ እንምጣ። አዲስ የወረደ ጥልቅ በረዶ ላይ ስኪጆሪንግ የሚያደርጉ ሰዎች ቀድመው የሚያዩት ጥልቀቱን ነው። በረዶው የውሻውን ደረት ከነካ ውሻው መሮጡን ትቶ እየዘለለ ይዋኛል፤ በጥቂት መቶ ሜትሮች ይደክማል፣ ከዚያም ገመዱ ይላላል። ከዚያ በኋላ መጮህ ውሻውን ሥራውን ማስጠላት ነው። የሚያደርጉት ሌላ ነው፦ ሰውየው ይቀድማል። በሰፊ ስኪ ወይም በበረዶ ጫማ ሁለት ሦስቴ ተመላልሶ መንገዱን ይጠቀጥቃል፣ ሌሊቱን ቅዝቃዜው ያደርቀዋል፣ ውሻው በማግስቱ በተጠቀጠቀው ላይ ይሮጣል። ለስላሳ በረዶ ላይ እንደ ሸርተቴ ወደ ጎን መግፋት ስለማይቻል ስኪው ወደፊት ብቻ ይገፋል፣ በእጅ የሚይዙት የመግፊያ ዘንግ ጫፍ እንዳይሰምጥ ሰፊ ክብ ይደረግበታል። ጠርዙ ብረት የሆነ ስኪ አይጠቀሙም፤ የውሻ ጅማት ይቆርጣል። በጣቶቹ መሐል በረዶ ተጋግሮ እንደ ጠጠር ስለሚቆረቁረው መሐሉ ላይ ያለውን ፀጉር ይከረክማሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ወይም የጨርቅ ጫማ ያለብሱታል።

በሐምሌና በነሐሴ ወደ ገራዶ ሜዳ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ሳይቀነስ ይሠራል። ዋልካ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ከዋጠ ውሻው አይሮጥም፣ ሰውም ጫማውን ትቶ ይወጣል። ጭቃው በጣቶቹ መሐል ገብቶ ይደርቅና ቆዳውን ይሰነጥቃል፤ ቫዝሊን ከመውጣት በፊት፣ ለብ ያለ ውሃ ከተመለሱ በኋላ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ በረዶ ሌሊት ይጠነክርልሃል፣ ዋልካ ግን ፀሐይ ካላገኘ አይጠነክርም። ስለዚህ ክረምቱን ሜዳውን ትቶ ወደ ጦሳ ተራራ ወገብ መውጣት ይሻላል። ተዳፋት ውሃ አይቋጥርም፤ የባሕር ዛፍና የጥድ ቅጠል የተነጠፈበት መንገድ ለእግሩም ለጉልበታችሁም ለስላሳ ነው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ግን ይጠበቅ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ ይወጋል፣ ገመዱም ይጠመጠምበታል። ውሻው በጉቶው በአንዱ በኩል፣ ሰው በሌላው በኩል ካለፈ የሚወድቀው ሰው ነው። ኮረት የፈሰሰበት መንገድ መዳፍ ይበላል፤ ሜዳው ከጠፋ ለአጭር ርቀት ብቻ።

ሙቀት ከሁሉ የባሰው ነው። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፤ ከመዳፉ ትንሽ ይወጣዋል እንጂ የሚበርደው በማለክለክ ነው። ለዚህ ነው ስፖርቱ ከበረዶ አገር የመጣው፦ እነዚያ ውሾች ከዜሮ በታች ሲሆን ነው ደስ የሚላቸው። አየሩ ከ15 ዲግሪ ሲያልፍ ርቀቱን ማሳጠር፣ 20 ሲደርስ ጉተታውን ማቆም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ እንደሚለወጥ ቢታሰብ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ይሆናል፤ ለሰው ጃኬት የማውለቅ ያህል ነው፣ ለሚጎትት ውሻ ግን የመሮጥና ያለመሮጥ ልዩነት ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሱ። ደሴ ላይ በእነዚሁ ወራት እስከ 3 ሰዓት ይቻላል። ከጎህ በፊት በጨለማ መውጣት ግን በሁለቱም ከተማ ከጅብ ጋር መገናኘት ነው። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ለ7 ሰከንድ ንኩት፤ ካቃጠላችሁ እሱንም ያቃጥለዋል።

ሙቀቱ ሲበዛበት ምላሱ ጫፉ ላይ እንደ አካፋ ይሰፋል፣ ለሐጩ ይወፍራል፣ ድዱ ይቀላል፣ ቀጥሎ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል። የዕረፍት ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ነው፤ ሲሮጥ ይጨምራል፣ ከ41 ካለፈ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ጥላ፣ መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማፍሰስ፣ ማራገብ። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን ያፍነዋል። 39.5 አካባቢ ሲደርስ ማቀዝቀዙን አቁሞ ወደ እንስሳት ሐኪም። ድኗል ብሎ ቤት ማስቀረት አይገባም፤ የውስጥ ጉዳቱ በኋላ ይመጣል።

ቁልቁለት ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ ፍቱት። በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ወዳለው ሐረጎ የሚያወርደው ዓይነት ተዳፋት ላይ 20 ኪሎ ውሻ የሚጎትተው ሰው እግሩን መቆጣጠር አይችልም። ገመዱን ከቀበቶ አውርዶ በእጅ መያዝ፣ ውሻውን «ኋላ» ብሎ ከጉልበት ጀርባ ማስኬድ። ይህ ትእዛዝ ከዳገቱ ትምህርት በፊት ይቅደም። ስኪ ላይ ያሉት ቢያንስ የስኪያቸውን ጅራት ከፍተው ይገታሉ፤ እኛ መገቻ የለንም። ዋናው የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ደግሞ ለዚህ ጨርሶ አይሆንም፤ ከባድ መኪናው፣ መታጠፊያው፣ ጠባብ ዳሩ።

ከተማ ውስጥ ማለፍ ግድ ሲሆን ገመዱ አጥሮ በእጅ ይያዝ፣ ውሻው ከባጃጁ በተቃራኒ በኩል ይሁን። ለሶላት የሚሄድ ሰው ልብሱን የውሻ ለሐጭ ከነካው ማጠብ ግዴታው ነው፤ ከመስጊድ አቅራቢያ፣ በተለይ የጁምአ ዕለት፣ መንገድ መቀየር ጨዋነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ውሻ አይገባም። «አባባ፣ አይነካም» ከማለት ቀድሞ ዳር መያዝ ይሻላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይታደስ፣ ወረቀቱም ይያዝ። ማንንም ሰው ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና ሰውየው ያለ ቀጠሮ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ውሻው ተከትቧል ቢባልም።

ምግቡን በአጭሩ። ከሩጫው በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ምግብ አይሰጥ፤ ደረቱ ሰፊ የሆነ ውሻ ሆዱ ሞልቶ ሲሮጥ ጨጓራው ሊጠመዘዝ ይችላል። ከሁለት ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ንጹሑን ካልጠጣ የሥጋ መረቅ ጠብ ተደርጎበት። ከተመለሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ የገብስ ወይም የበቆሎ ገንፎ ከተቀቀለ ጨጓራ ጋር። የወጥ ትርፍራፊ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ጉበቱና ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበት ከሆነ ለውሻ አይጣል። በዚያ ውስጥ ያለው ትል በውሻው ሆድ አድጎ እንቁላሉ በፀጉሩና በዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ይመለሳል፤ ውሻውን በየቀኑ ጠፍር የሚያለብስ እጅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይነካዋል። የተጠረጠረው ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ደህና የሚመስለው ጉበትም 30 ደቂቃ ተቀቅሎ ይሰጥ። ፕራዚኳንቴል ያለበትን የትል መድኃኒት በስንት ጊዜ እንደሚወስድ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ይነግራችኋል፤ ሚዛኑ ላይ ያገኛችሁትን የውሻውን ክብደት ይዛችሁ ሂዱ።